ከደብረ ብርሃን ውርጭ እስከ ሸዋ ሮቢት ሐሩር፦ 12 የእጅ ባትሪዎች ለምን በ14 ወር ውስጥ ደከሙ?

ጉዳዩ

አንድ የእህል ነጋዴ በሰሜን ሸዋ ሁለት መጋዘን አለው። አንዱ ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ነው፤ ገብስና ባቄላ ይገባበታል። ሌላው ሸዋ ሮቢት ነው፤ ማሾ ይከማችበታል። በመስከረም 2016 ለሁለቱም ጥበቃ ከአንድ ካርቶን የወጡ 12 ቻርጅ የሚደረጉ የእጅ ባትሪዎች ተገዙና ስድስት ስድስት ተካፈሏቸው። ሻጩ ምርቃት ብሎ የጨመረው አንድ ትርፍ ሴል (በእጅ ባትሪው ውስጥ ኃይሉን የሚያከማቸው ክፍል) ደብረ ብርሃን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ፤ ማንም ሳይነካው ቆየ።

ኅዳር 2017 ሲደርስ ከ12ቱ አንድም ሌሊቱን የሚያነጋ አልነበረም። «ዕቃው ተራ ነው» ተብሎ ሌላ ካርቶን ሊገዛ ሲል ነው ሁሉም ለምርመራ የመጡት። ዕቃው ተራ መሆኑ እውነት ነው፤ በኋላ እንመጣበታለን። ነገር ግን የሁለቱ መጋዘን ዘበኞች ስሞታ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንድ ካርቶን፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ የግዢ ቀን፣ ሁለት የተለያየ አሟሟት። ይህን ሳይረዱ አዲስ ካርቶን መግዛት በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጉዳይ ይዞ መመለስ ነው።

የደብረ ብርሃኑ ስሞታ፦ ባትሪው በመጀመሪያው ዙር ደህና ያበራል፤ ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ድንገት ይጠፋል። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ የተናገሩት ለምርመራው ከመሣሪያ ንባብ ያላነሰ ጠቅሟል፦ «ልጄ፣ ብብቴ ውስጥ ትንሽ ሳቆየው ነፍስ ይዘራል፤ አውጥቼ ብርዱ ሲያገኘው መልሶ ይሞታል።»

የሸዋ ሮቢቱ ስሞታ፦ ከመጀመሪያው ደብዛዛ ነው። ኃይለኛው ብርሃን ላይ ሲደረግ ይርገበገባል፣ ወዲያው ይወርዳል። በዝቅተኛው ብርሃን ግን ብዙ ይቆያል። ሲነካም ይሞቃል።

ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። መንገዱ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርድና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ከ1,300 ሜትር አካባቢ አይበልጥም፤ እዚያ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እኩለ ቀን ላይ መቀመጥ አይቻልም።

ዕቃው ሲፈታ

ባትሪው የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ከፊት አንድ ኤልኢዲ፣ ከኋላ የጎማ መጫኛ ያለው ማብሪያ፣ ከጎን በጎማ ክዳን የተሸፈነ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ውስጡ አንድ 18650 የሚባል ሊቲየም አዮን ሴል ብቻ አለ። ስሙ ልኩ ነው፦ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። በአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ፣ በፓወር ባንክ፣ በፀሐይ ኃይል በሚሠሩ ፋኖሶች የምናገኘው ይኸው ሴል ነው። በኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ውስጥ አለ፤ ያ ዕቃ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለታገደ ጥገናው እኛ ዘንድ አይመጣም እንጂ የሴሉ አሟሟት አንድ ነው።

የዚህ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.6 ወይም 3.7 ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ሲያልቅ 3.0 አካባቢ ላይ ማቆም ደግ ነው፤ ከ2.5 በታች መውረድ የለበትም። ደህና አምራች የሠራው ሴል ከ45 እስከ 48 ግራም ይመዝናል። ሙሉ አቅሙ፣ በጣም ጥሩ ከሚባሉትና በብዛት ከሚሸጡት ዘንድ፣ 3,500 ሚሊአምፒር-ሰዓት (ሴል የሚይዘው ኃይል የሚለካበት) አካባቢ ነው።

ከእነዚህ ባትሪዎች የወጣው ሴል ላስቲክ ላይ 4,800 ተጽፏል። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ 36 ግራም መዘነ። ያ በመሳቢያ የተቀመጠው ትርፍ ሴል፣ አንድ ቀን እንኳ ያልሠራበት፣ ሙሉ ተሞልቶ በ0.5 አምፒር እስከ 3.0 ቮልት ሲፈስ የሰጠው 1,240 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። ከተጻፈው ሩብ ማለት ነው። የውስጥ ተቃውሞው (ኃይል ሲወጣ ሴሉ ራሱ የሚያግደው መጠን) 78 ሚሊኦም ሆነ፤ ለአዲስ ሴል ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን ይሠራል።

ከ12ቱ ሴሎች ሁለቱ ላይ ላስቲኩ ሲገፈፍ በሁለቱም ጫፍ የነጥብ ብየዳ ጠባሳ ታየ። አዲስ ሴል እንዲህ ዓይነት ጠባሳ የለውም። እነዚህ ከአሮጌ ጥቅል ተነቅለው አዲስ ላስቲክ የለበሱ ናቸው። ገዢ ላስቲኩን ሳይገፍም ቢሆን የአዎንታ ጫፉን በጥፍሩ ቢዳስስ ሻካራ ነጥቦቹን ያገኛቸዋል።

ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል በርካሽ ዕቃዎች ሁሉ የሚገኘው 4056 ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ መጥፎ አይደለም፤ በ4.2 ቮልት ላይ በትክክል ያቆማል፣ ኃይሉ ከተቀመጠለት መጠን ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ይዘጋል። ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው፣ በሦስት ነገር።

አንደኛ፣ የኃይሉን መጠን የምትወስነው ትንሿ ሬዚስተር ላይ 122 ተጽፏል፤ 1.2 ኪሎኦም ማለት ነው፣ ያም 1 አምፒር ይሰጣል። ፋብሪካው 4,800 የተባለውን አምኖ ቢሆን 1 አምፒር ለስላሳ ነበር። እውነተኛው አቅም 1,240 ከሆነ ግን ሴሉ ከአቅሙ 80 በመቶ በሆነ ኃይል በየቀኑ ይጋታል። ብዙ የሴል አምራቾች ለመደበኛ አሞላል የሚመክሩት ከአቅሙ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው።

ሁለተኛ፣ ቺፑ የሙቀት መለኪያ የሚያያዝበት እግር አለው። መለኪያ ቢገጠምለት ሴሉ በጣም ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሞቅ መሙላቱን ያቆም ነበር። እዚህ ቦርድ ላይ ያ እግር ከኔጌቲቩ ጋር በቀጥታ ተበይዷል፤ ቺፑ ብርድም ሙቀትም አያውቅም። በርካሽ ዕቃ ይህ የተለመደ ነው።

ሦስተኛ፣ ሴሉ እስከ ታች እንዳይሟጠጥ የሚያቋርጥ መከላከያ የለም። ኤልኢዲው እየደበዘዘ እስኪጠፋ ድረስ ይስባል፤ ማብሪያው ካልተዘጋ ከጠፋም በኋላ ትንሽ ትንሽ ይስባል።

ልኬቱ

ከደብረ ብርሃኑ ስድስት አንዱ የጭነት መኪና ረግጦት ቱቦው ተጨፍልቋል፤ ሴሉ ሳይለካ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተወገደ። የአምስቱ ሴሎች አቅም ከ310 እስከ 480 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሆነ። የውስጥ ተቃውሟቸው ከ150 እስከ 210 ሚሊኦም። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው፦ ሙሉ ተሞልተው ምንም ሳይያያዝባቸው ለአንድ ሳምንት ሲቀመጡ ሦስቱ ከ4.18 ወደ 3.9 ቮልት አካባቢ ወረዱ። ጤነኛ ሊቲየም ሴል በወር ከሁለት ሦስት በመቶ በላይ ብዙም አያፈስም። በውስጡ የሆነ ቦታ ቀጭን መፍሰሻ ተፈጥሯል ማለት ነው።

ከሸዋ ሮቢቱ ስድስት አንዱ ሴል 0 ቮልት አነበበ። የአምስቱ አቅም ከ640 እስከ 790 ነው፤ ከደብረ ብርሃኖቹ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ተቃውሟቸው ግን ከ290 እስከ 360 ሚሊኦም ደረሰ። ሲቀመጡ አያፈስሱም። ከስድስቱ በአንዱ ባትሪ ላይ 4056 ቺፑ ያለበት ቦርድ ጠቁሯል፣ መዳቡ ከቦርዱ ተነስቷል።

ሁለቱ ስሞታዎች ከዚህ ላይ ይፈታሉ። የኋላ ክዳኑ ተነስቶ በቱቦው ጫፍና በሴሉ ኔጌቲቭ መካከል መልቲሜትር በ10 አምፒር መስመር ሲገባ፣ ባትሪው በኃይለኛው ብርሃን 1.1 አምፒር፣ በዝቅተኛው 0.35 አምፒር ይስባል። የሸዋ ሮቢቱን ሴል 320 ሚሊኦም ብንይዝ፣ በ1.1 አምፒር 0.35 ቮልት ሴሉ ውስጥ ይቀራል። 3.6 ላይ ያለ ሴል ለኤልኢዲው የሚደርሰው 3.25 ነው፤ ነጭ ኤልኢዲ በዚህ ኃይል የሚፈልገው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ገና ግማሽ እያለው ይደበዝዛል። በ0.35 አምፒር የሚጠፋው 0.11 ቮልት ብቻ ነውና በዝቅተኛው ይቆያል። የጠፋውም ኃይል ሙቀት ሆኖ እጅ ላይ ይሰማል።

የደብረ ብርሃኑ ሌላ ነው፦ አቅሙ ራሱ አልቋል። 430 ሚሊአምፒር-ሰዓት በክፍል ሙቀት የሰጠ አንድ ሴል፣ በዘበኛ ቤቱ ንጋት ላይ ባለው ብርድ ሲሞከር 190 ብቻ ሰጠ። ብርድ የሴሉን ተቃውሞ ያበዛዋል፤ ቮልቴጁ ቶሎ ይወርድና ያለቀ ይመስላል። ብብት ውስጥ ሲሞቅ የቀረው ይመለሳል። ይህ ለጊዜው የሚመጣና የሚሄድ ነው። ቋሚው ጉዳት የደረሰው ሲያበሩ ሳይሆን ሲሞሉ ነው።

ደብረ ብርሃን፦ ጉዳቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው

ተረኛው ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሥራውን ያስረክባል። ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ በእጅ ወይም ውጭ ሚስማር ላይ ነው ያደረው። ተረኛው የመጀመሪያ ሥራው ባትሪውን ዘበኛ ቤቱ ውስጥ ባለው ሶኬት ላይ መሰካት ነው፤ «ማታ እንዳያንስ» ብሎ። ዘበኛ ቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። በታኅሣሥ ጠዋቶች በዚያ ሰዓት ውስጡ ሲለካ ከ0 በታች 1 ዲግሪ እስከ ከ0 በላይ 3 ዲግሪ ነበር። ከቀኑ 24 ሰዓት ሁሉ የከፋውን ሰዓት መርጦ መሙላት ማለት ይህ ነው።

ሴል ሲሞላ ሊቲየሙ ግራፋይት በሚባለው ኔጌቲቭ ክፍል ንብርብሮች ውስጥ ይገባል። ሲቀዘቅዝ መግባቱ ይዘገያል። ቻርጀሩ ግን በ1 አምፒር መግፋቱን አያቆምም፤ መግባት ያልቻለው ሊቲየም ግራፋይቱ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። የተለጠፈው ከፊሉ ተመልሶ አይሠራም፤ አቅም የሚጠፋው በዚህ ነው። ሌላው በቀጭኑ እያደገ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውን ሽፋን ይነካል፤ ሴሉ ተቀምጦ የሚያፈስሰው በዚህ ነው። ለዚህ ነው አምራቾች ሊቲየም አዮንን ከ0 ዲግሪ በታች አትሙሉ የሚሉት፤ ማብራት ግን ከ0 በታች 20 ዲግሪ ድረስ የሚፈቅዱት። ከ0 ትንሽ ከፍ ብሎም ቢሆን፣ ደካማ ሴል በከፍተኛ ኃይል ሲገፋ ያው ነገር ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለተኛ በሽታ አለ፤ ትንሽ ቢሆንም ሁለት ባትሪዎች ላይ ታይቷል። ቀዝቅዞ ያደረ አሉሚኒየም ቡና በሚፈላበት ክፍል ሲገባ ያልበዋል። ውሃው በዩኤስቢ ቀዳዳው የጎማ ክዳን ሥር ይቋጥራል። ወዲያው ሲሰካ 5 ቮልት ባለበት ነጥብ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይበቅላል። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ሲታጠብ አንዱ ድኗል፤ የሌላው ቀዳዳ በካውያ ተነቅሎ ተቀይሯል።

ሸዋ ሮቢት፦ ሞልቶ መዋል

የሸዋ ሮቢቱ ዕቃ ተቆጣጣሪ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ባትሪዎቹ ጠዋት ይሰካሉ፣ ማታ 12 ሰዓት ይነቀላሉ፣ አንድ ቀን ሳይሞላ የወጣ የለም። ጥንቃቄው ራሱ ነው የጎዳቸው። መደርደሪያው ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ነው። በኅዳር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እዚያ 42 ዲግሪ ተለካ፤ ቆይቶ በግንቦት እዚያው ቦታ 48 ደርሷል።

ሴል በ4.2 ቮልት ላይ ሆኖ በሙቀት ሲቀመጥ፣ ግራፋይቱ ላይ ያለው መከላከያ ቆዳ እየወፈረ ይሄዳል፣ ፈሳሹ ይበላሻል፣ ጋዝ ይፈጠራል። የውስጥ ተቃውሞ የሚያድገው በዚህ ነው። 4056 ቺፕ ሞልቶ ቢዘጋም ሴሉ ወደ 4.05 ቮልት ሲወርድ እንደገና ይጀምራል፤ ስለዚህ ተሰክቶ የሚውል ባትሪ ቀኑን ሙሉ ከጫፍ አይወርድም። በዚያ ላይ ቺፑ የቀረውን ቮልቴጅ በሙቀት የሚያቃጥል ዓይነት ነው፦ ከ5 ቮልት ወደ 3.7 በ1 አምፒር ሲያወርድ 1.3 ዋት ያህል በተዘጋ ቱቦ ውስጥ፣ ሴሉ አጠገብ ይለቅቃል። የጠቆረው ቦርድ ምክንያቱ ይህ ነው።

0 ቮልት ያነበበው ሴል ደግሞ ከሁለቱ ባለ ጠባሳዎች አንዱ ነው። ከላፕቶፕ የሚወጡ ሴሎች ብዙዎቹ በአዎንታ ጫፋቸው ሥር ግፊት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ ስስ ዲስክ አላቸው። ጋዙ ሲበዛ ዲስኩ ተነሳ፤ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሴል ጫፉን ጫን ብለው «የሚያስነሱ» አሉ። ይህ አይደረግም፤ ውስጡ ያለው ጋዝና የተሞላ ኃይል እዚያው ነው። የ18650 ቆርቆሮ እንደ ስልክ ባትሪ አያብጥም፤ ስለዚህ ከውጭ ደህና መምሰሉ ምንም አይናገርም።

የተደረገው

ሁሉም ሴሎች ተወገዱ፤ የደብረ ብርሃኖቹ እያፈሰሱ ስለሆነ በምንም ምክንያት መልሰው የሚሞሉ አልነበሩም። ከደብረ ብርሃን አምስት፣ ከሸዋ ሮቢት አምስት፣ በድምሩ አሥር ቱቦዎች እንዲጠገኑ ተወሰነ። ሰውነታቸው፣ ኤልኢዲያቸውና መስታወታቸው ደህና ነበር፤ አዲስ ካርቶን ቢገዛ ውስጡ ያው 36 ግራም ሴል ነው የሚመጣው።

ስለ ሴል ምርጫ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብሩ የሚጠፋው እዚህ ነው። ሻጭ ዘንድ አራት ነገር ታየ። በላስቲኩ ላይ ያለው ቁጥር ከ3,500 በጣም ከበለጠ ወዲያው ይመለሳል፤ 4,800፣ 6,800፣ 9,900 የሚሉ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ክብደቱ ከ44 ግራም ካነሰ ይመለሳል፤ ሚዛን ከሌለ የወርቅ ሚዛን ያለው ጎረቤት ሱቅ መጠየቅ ነው። ሲገዛ ቮልቴጁ ከ3.4 እስከ 3.7 መካከል መሆን አለበት፤ ከ3.0 በታች ያለ መጋዘን ውስጥ የሞተ ነው። ከአንድ ጥቅል የመጡት በመቶኛ ቮልት ደረጃ መቀራረብ አለባቸው፤ አንዱ 3.52፣ ሌላው 3.31 ካለ ታሪካቸው አንድ አይደለም። በመጨረሻ የተገዙት 3,000 የተጻፈባቸው፣ መከላከያ ያላቸው ሴሎች ናቸው፤ ኔጌቲቭ ጫፋቸው ላይ የተገጠመችው ትንሽ ቦርድ 2.5 ቮልት አካባቢ ላይ ታቋርጣለች። ሲለኩ ከ2,910 እስከ 2,960 ሰጡ። የመከላከያው ቦርድ ርዝመቱን ወደ 69 ሚሊ ሜትር ያደርሰዋል፤ ዘጠኙ ቱቦዎች ተቀበሉት፣ የአንዱ የኋላ ሞላ አንድ ዙር መቆረጥ ነበረበት።

ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ለሸዋ ሮቢት ታስቦ ነበር፤ ሙቀትን ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ነገር ግን በዚህ መጠን አቅሙ 1,500 አካባቢ ነው፣ ቮልቴጁ 3.2፣ የሚሞላውም እስከ 3.65 ብቻ ነው። 4056 ቺፕ እስከ 4.2 ይገፋዋል። ቦርዱን ሁሉ መቀየር ስለሚጠይቅ ተተወ።

ከዚያ ሬዚስተሯ። 122 የሚለው ተነቅሎ 202፣ ማለትም 2 ኪሎኦም፣ ተተካ፤ ኃይሉ ከ1,000 ወደ 580 ሚሊአምፒር ይወርዳል። ለ3,000 ሴል ይህ ከአቅሙ አምስተኛ ነው። የቺፑም ሙቀት በግማሽ ሊቀንስ ይቀርባል። ቀጭን ጫፍ ያለው ካውያ፣ ትንሽ ፍላክስና መቆንጠጫ ይበቃል፤ ሬዚስተሯ ስለምትጠፋ ነጭ ወረቀት ላይ መሥራት ያዋጣል። ከባዶ እስከ ሙሉ 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ዘበኞቹ መጀመሪያ ላይ «ቻርጀሩ ደከመ» ያሉት በዚህ ነው።

የተቃውሞው ነገር ሴሉ ላይ ብቻ አያልቅም። የኋላው ሞላ፣ የክዳኑ ጥርስና የማብሪያው ንኪኪ አብረው ይቆጠራሉ። የክዳኑ ጥርስ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ተጠረገ፣ የቱቦው ጫፍ በላጲስ ተፈገፈገ፣ ሞላው ላይ ከታች እስከ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሊድ ተበየደ። ይህች ሽቦ ብቻዋን በአንዱ ባትሪ ላይ በኃይለኛው ብርሃን የሚሳበውን ከ0.95 ወደ 1.1 አምፒር መለሰችው።

የአሞላል ሥርዓቱ ከጥገናው ይበልጣል፤ ለሁለቱ መጋዘኖችም ተቃራኒ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ባትሪው ጠዋት ቢሮ ገብቶ ክዳኑ ተከፍቶ ይቀመጣል፤ የሚሰካው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፣ እጅ ላይ ብርድ ሳይሰማ ሲቀር። 10 ሰዓት ላይ ይነቀላል። ዘበኛ ቤት ውስጥ ያለው ሶኬት በናስትሮ ተዘጋ፤ ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ይረሳ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ ባትሪዎቹ ከቆርቆሮው ሥር ወጥተው በብሎኬት ወደተሠራው ክፍል ወለል ወረዱ፤ የሚሰኩት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ቀኑ ገና ሳይሞቅ ነው። በዙር የሚሠራ የሰዓት ሶኬት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋቸዋል።

ለምን ሁለት ሰዓት ብቻ? ስሌቱ ይህ ነው፦ ዘበኛ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያህል ይዞራል፤ በ12 ሰዓት ሁለት ሰዓት ማብራት ይሆናል። በዝቅተኛው 700 ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ አልፎ አልፎ ኃይለኛው ሲነካ 1,000 እንበል። በ580 ሁለት ሰዓት 1,160 ይሰጣል። ሌሊት የወጣው ይመለሳል፤ ሴሉ ግን ቀኑን ሙሉ ጫፍ ላይ አይውልም። የሸዋ ሮቢቱ ተቆጣጣሪ «ሳይሞላ እንዴት ይወጣል?» ብለው አልተቀበሉትም ነበር፤ በወር አንድ ጊዜ ሙሉ ተሞልቶ ሲፈተን ሌሊቱን እንደሚያደርስ ካዩ በኋላ ተስማሙ።

ባትሪዎቹ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ተጻፈባቸው። በየወሩ አንድ ቀን ሙሉ ተሞልተው በዝቅተኛው ብርሃን እስኪጠፉ ይበራሉ፣ ሰዓቱ ደብተር ላይ ይሰፍራል። አዲሱ ሴል 8 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ያበራል። ከ5 ሰዓት በታች የወረደ ባትሪ ሴሉ ይቀየራል። ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

ከአሥር ወር በኋላ

በጥቅምት 2018 ሁሉም ተለኩ። የደብረ ብርሃን አምስቱ ከ2,840 እስከ 2,890 ሰጡ፤ ተቀምጠው የሚያፈስሱ የሉም። የሸዋ ሮቢት አምስቱ ከ2,760 እስከ 2,830። የሸዋ ሮቢቶቹ ትንሽ የበለጠ መውረዳቸው የሚጠበቅ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ የብሎኬቱ ክፍልም 34 እና 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ይህን ከማቀዝቀዣ በቀር የሚያሸንፈው የለም።

አንድ ልዩነት መነገር አለበት፦ አዲሶቹ ሴሎች በሁሉም ነገር የተሻሉ ናቸውና ውጤቱ ከአሞላሉ ብቻ የመጣ አይደለም። ግን ደብረ ብርሃን ላይ 3ኛ ቁጥር ባትሪ በጥር አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ተረኛው ቤቱ ወስዶ ጎህ ሲቀድ እየሰካ ቆይቶ ነበር፤ ከአምስቱ ዝቅተኛውን 2,840 የሰጠው እሱ ነው። ከአንድ ሴል ብዙ መደምደም አይቻልም፤ ልብ ብሎ ማየት ግን ይገባል።

የተበላሸው ሌላ ነገር ነው። በሦስት ባትሪዎች ላይ የማብሪያው ጎማ ተቀደደና አቧራ ገባ፤ ሁለቱ ሸዋ ሮቢት ናቸው፣ የማሾ ገለባ ብናኝ ያለበት። ጎማው ብቻውን አይገኝም፤ ከብስክሌት ከመነዳሪ ተቆርጦ በክብ ተሠራለት። አንዱ ባትሪ ውሃ በርሜል ውስጥ ገብቶ ቦርዱ ሞቷል፤ ሴሉ ወጥቶ፣ ደርቆና ተለክቶ ወደ መጠባበቂያ ገባ።

ስለ መጠባበቂያው፦ ትርፍ ሴል በግማሽ፣ 3.7 ቮልት አካባቢ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ሙሉ ተሞልቶ አይቀመጥም፣ ባዶም አይሆንም። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ፈጽሞ አይያዝም፤ በውጭ አገር የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎች ጭናቸው ላይ ክፉ ቃጠሎ የደረሰባቸው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ብረቱ ሁለቱን ጫፎች ሲያገናኝ ሴሉ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። መከላከያ ያለው ሴልም ቢሆን የፕላስቲክ ማቀፊያ ይኑረው።

የተወገዱት 11 አሮጌ ሴሎች፣ የተጨፈለቀው ባትሪ ሴል ቀደም ሲል ከወጣ በኋላ የቀሩት፣ ጫፎቻቸው በናስትሮ ታሽገው ደረቅ አሸዋ ባለበት የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ ከመጋዘኑ ውጭ ከእህልና ከጆንያ ርቀው ተቀምጠዋል። ከመጣያ ገንዳ ጋር የሚቃጠሉ አይደሉም። የሚቀጥለው ልኬት በየካቲት 2018፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲያልፍ ነው፤ አዲሶቹ ሴሎች ሙሉ የብርድ ወቅት ከመግቢያው እስከ መውጫው የሚያዩት ያኔ ነው።